የመካከለኛና ከባድ ሶሪያሲስ ሕክምና

የመካከለኛና ከባድ ሶሪያሲስ ሕክምና በቅባት ብቻ የማይገታን ሶሪያሲስ ለመቆጣጠር የሚሰጡ የብርሃን ሕክምናን፣ የሚዋጡ መድኃኒቶችንና በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶችን ያጠቃልላል። ሶሪያሲስ (ፕሶሪያሲስ ተብሎም ይጻፋል) የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ያለ ልክ በመነቃቃቱ የሚመጣ፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆይና ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ የቆዳ በሽታ ነው። በሽታውን ከሥሩ የሚነቅል ሕክምና እስካሁን አልተገኘም፤ ይሁን እንጂ ቆዳን ሙሉ በሙሉ ወይም በአብዛኛው ሊያጠሩ የሚችሉ በርካታ ሕክምናዎች አሉ። እነዚህ ሕክምናዎች በውጤታማነት፣ በጉዳት፣ በዋጋና በሚጠይቁት ክትትል እርስ በርሳቸው በእጅጉ ይለያያሉ። እንደ ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ በሚበዛበት አገር ደግሞ ምርጫው ከሌላው ዓለም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

== በሽታው ==

በጤነኛ ቆዳ የላይኛው ሽፋን ሴሎች ከታች ተፈጥረው እስኪረግፉ ድረስ አንድ ወር ገደማ ይፈጅባቸዋል። በሶሪያሲስ ይህ ሂደት ወደ ጥቂት ቀናት ያጥራል። ሴሎቹ በሚገባ ሳይበስሉ ስለሚደራረቡ ወፍራም፣ ጠርዙ የተለየና ብርማ ቅርፊት ያለው ቁስል ይፈጠራል። ይህን የሚያፋጥኑት ከመከላከያ ሴሎች የሚመነጩ መልእክተኛ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ ዋና ዋናዎቹ ቲ.ኤን.ኤፍ አልፋ፣ ኢንተርሉኪን 17 እና ኢንተርሉኪን 23 ናቸው። አዳዲሶቹ መድኃኒቶች የሚያነጣጥሩትም በእነዚሁ ላይ ነው።

በሽታው በዘር የመከሰት ዝንባሌ አለው። የጉሮሮ ኢንፌክሽን፣ ጭንቀት፣ ማጨስ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የአልኮል መጠጥ ያባብሱታል። ቆዳ በተቧጨረበት ወይም በቆሰለበት ቦታ ላይ አዲስ ሶሪያሲስ ሊወጣ ይችላል። አንዳንድ መድኃኒቶችም ያስነሡታል፤ ከእነዚህ መካከል ሊቲየም፣ ለደም ግፊትና ለልብ የሚሰጡ ቤታ ብሎከሮች እንዲሁም በኢትዮጵያ ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን ይገኙበታል። ስለዚህ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ለወባ ሲታከም በሽታውን ለሐኪሙ መንገር ይኖርበታል።

ሶሪያሲስ የቆዳ ብቻ በሽታ አይደለም። ከ100 ታማሚዎች እስከ 30 የሚሆኑት የመገጣጠሚያ ብግነት ይይዛቸዋል፤ ካልታከመ መገጣጠሚያውን በዘላቂነት ያበላሻል። የልብና የደም ሥር በሽታ፣ የስኳር በሽታና ድባቴም በከባድ ሶሪያሲስ ታማሚዎች ላይ ይበዛሉ። የዓለም የጤና ድርጅት አባል አገራት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳለፉት ውሳኔ ሶሪያሲስን ሥር የሰደደ፣ የማይተላለፍ፣ የሚያሠቃይና አካል ጉዳተኛ ሊያደርግ የሚችል በሽታ መሆኑን እውቅና ሰጥተዋል። የዓለም የሶሪያሲስ ቀን በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 29 ይታሰባል።

== በጥቁር ቆዳ ላይ ያለው መልክ ==

ብዙ የሕክምና መጻሕፍት ሶሪያሲስን «ቀይ» ቁስል ብለው ይገልጹታል። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ ግን ቁስሉ ሐምራዊ፣ ጥቁር ቡናማ ወይም ግራጫ ሊመስል ይችላል፤ ቅርፊቱም ግራጫ ሊሆን ይችላል። መቅላቱ ስለማይታይ የበሽታው ክብደት ከእውነተኛው ዝቅ ተደርጎ ሊገመት ይችላል። ቁስሉ ከዳነ በኋላም ቦታው ከቀሪው ቆዳ ይበልጥ ጠቁሮ ወይም ነጥቶ ለወራት ይቆያል። ይህ የቀለም ለውጥ በሽታው አለመዳኑን አያመለክትም፤ ቆዳው ለስላሳና ቅርፊት የሌለው ከሆነ ሕክምናው ሠርቷል ማለት ነው። ይህን ሳያውቁ መድኃኒት ማቋረጥ ወይም መጠኑን መጨመር የተለመደ ስህተት ነው።

== ከሌሎች የቆዳ በሽታዎች ጋር መምታታት ==

በአማርኛ ለሶሪያሲስ ብቻ የተለየ የቆየ ስም ስለሌለ በሽታው ብዙ ጊዜ በሌሎች ስሞች ይጠራል። በተለይ ከሚከተሉት ጋር ይምታታል፦

* '''ችፌ''' (ኤክዜማ)፦ ይበልጥ ያሳክካል፣ ጠርዙ ግልጽ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ በክርንና በጉልበት መታጠፊያ ውስጠኛ ክፍል ላይ ይወጣል። ሶሪያሲስ በተቃራኒው የክርንንና የጉልበትን ውጫዊ ክፍል ይመርጣል።
* '''ጭርት'''፦ በፈንገስ የሚመጣ ነው፤ ክብ ሆኖ መሐሉ እየዳነ ዳሩ ይሰፋል። በስቴሮይድ ቅባት ሲታከም ይባባሳል።
* '''ፎረፎር'''፦ ቅርፊቱ ቀጭንና ቅባታማ ነው፤ ሶሪያሲስ ግን ወፍራም ሆኖ ከፀጉር መስመር አልፎ ወደ ግንባር ይወጣል።
* '''ቋቁቻ'''፦ በደረትና በጀርባ ላይ የሚታይ ቀለም የለወጠ ስስ ንጣፍ ነው።
* '''የሥጋ ደዌ'''፦ ቁስሉ የመዳሰስ ስሜት ያጣል። በሶሪያሲስ ስሜት አይጠፋም።

ከሥጋ ደዌ ጋር መምታታቱ ረጅም ታሪክ አለው። በአውሮፓ ሁለቱ በሽታዎች ለዘመናት እንደ አንድ ሲታዩ ኖረው፣ ኦስትሪያዊው ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ እ.ኤ.አ. በ1841 በግልጽ ለይቷቸዋል። ዛሬም ቢሆን ይተላለፋል በሚል ፍርሃት ታማሚው አብሮ ከመብላት፣ ከፀጉር ቤትና ከሥራ ሊገለል ይችላል። በሽታው በመነካካት፣ በልብስ፣ በዕቃም ሆነ በግንኙነት አይተላለፍም።

== የክብደት አለካክ ==

አንድ ሶሪያሲስ «መካከለኛ» ወይም «ከባድ» መሆኑ የሚወሰነው በሦስት መንገድ ነው።

'''የተሸፈነ ቆዳ ስፋት።''' የታማሚው መዳፍ ከነጣቶቹ የሰውነቱን ቆዳ 1 በመቶ ያህል ይሸፍናል። ከ3 በመቶ በታች ቀላል፣ ከ3 እስከ 10 በመቶ መካከለኛ፣ ከ10 በመቶ በላይ ከባድ ይባላል።

'''ፓሲ።''' የቁስሉን መቅላት፣ ውፍረት፣ ቅርፊትና ስፋት አንድ ላይ የሚለካ ከ0 እስከ 72 የሚደርስ ነጥብ ነው። በመድኃኒት ጥናቶች «ፓሲ 75» ማለት ነጥቡ ከመነሻው በ75 በመቶ ቀነሰ፣ «ፓሲ 90» በ90 በመቶ ቀነሰ፣ «ፓሲ 100» ቆዳው ሙሉ በሙሉ ጠራ ማለት ነው።

'''የሕይወት ጥራት መጠይቅ።''' በሽታው በሥራ፣ በአለባበስ፣ በእንቅልፍና በግንኙነት ላይ ያደረሰውን ጫና ከ0 እስከ 30 ይለካል። ከ10 በላይ ከባድ ጫና ነው።

የዓለም አቀፉ የሶሪያሲስ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ያቀረበው አከፋፈል ይበልጥ ቀላል ነው። ከ10 በመቶ በላይ ቆዳ ከተሸፈነ፣ ወይም ቁስሉ በፊት፣ በመዳፍ፣ በውስጥ እግር፣ በራስ ቆዳ ወይም በብልት ላይ ከሆነ፣ ወይም ቅባት ካልሠራ፣ ታማሚው ከቅባት ያለፈ ሕክምና ይገባዋል። በዚህ መሠረት መዳፉ ብቻ የታመመ አናጢ ወይም ልብስ ሰፊ፣ የተሸፈነው ቆዳ 2 በመቶ ብቻ ቢሆንም፣ ጠንካራ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል።

== የሕክምና ዓይነቶች ==

=== ቅባቶች ===

ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶልን የመሳሰሉ የስቴሮይድ ቅባቶች፣ ቅርፊት የሚያነሣው ሳሊሲሊክ አሲድ፣ የድንጋይ ከሰል ሬንጅና ካልሲፖትሪዮል ለቀላል ሶሪያሲስ ዋና ሕክምና ናቸው። በከባዱ ላይ ደግሞ ሌላውን ሕክምና ያግዛሉ። ቫዝሊንና ሌሎች ማለስለሻዎች በየትኛውም ደረጃ ይጠቅማሉ።

ጠንካራ የስቴሮይድ ቅባት ያለ ማዘዣ ገዝቶ ለወራት መቀባት ቆዳን ያሳሳል፣ ይሰነጥቃል፤ በሰፊ ቦታ ከተቀባም ወደ ደም ይገባል። ከዚህ የከፋው ፕሬድኒሶሎን እንክብል ወይም የስቴሮይድ መርፌ ነው። መጀመሪያ ቆዳውን በፍጥነት ያጠራዋል፤ ሲቋረጥ ግን በሽታው መግል ወደያዘ ወይም መላ ሰውነትን ወደሚሸፍን አደገኛ ዓይነት ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ የሚዋጥ ስቴሮይድ ለሶሪያሲስ መደበኛ ሕክምና አይደለም።

=== የብርሃን ሕክምና ===

ጠባብ ሞገድ ዩቪቢ የሚባለው ሕክምና 311 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን አልትራ ቫዮሌት ጨረር ይጠቀማል። በሳምንት 2 ወይም 3 ጊዜ፣ በአብዛኛው ከ20 እስከ 36 ጊዜ ይሰጣል። መከላከያን በመላ ሰውነት ስለማያዳክም ለነፍሰ ጡር ሴትና ኤች.አይ.ቪ. በደሙ ላለበት ሰው ተስማሚ ነው። ፑቫ የተባለው የቆየ ዘዴ ሶራሌን የተባለ መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ ዩቪኤ ጨረር መስጠትን ይጠይቃል። ጠንካራ ቢሆንም በብዛት ሲደጋገም የቆዳ ካንሰርን ያመጣል፤ በእርግዝና ጊዜም አይሰጥም።

የብርሃን ሕክምና ትልቁ ችግር ምልልሱ ነው። ማሽኑ ያላቸው ተቋማት ጥቂት ስለሆኑ ሕክምናው ለሁለትና ሦስት ወራት በሳምንት ሦስት ቀን ከሥራ መቅረትንና የትራንስፖርት ወጪን ያስከትላል።

=== ሜቶትሬክሴት ===

በዓለም ላይ ለከባድ ሶሪያሲስ ከሁሉም በላይ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ የቆየ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። ርካሽ ነው፣ ለመገጣጠሚያ ብግነትም ይሰጣል። የተለመደው መጠን በሳምንት ከ7.5 እስከ 25 ሚ.ግ. ሲሆን፣ በእንክብል ወይም ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣል። ውጤቱ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ መታየት ይጀምራል።

'''ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው።''' በስህተት በየቀኑ መውሰድ የደም ሴል ምርትን ያቆማል፣ አፍንና አንጀትን ያቆስላል፣ ይገድላልም። ስለዚህ የሚወሰድበት ቀን ተመርጦ («እሑድ ብቻ» እንደሚባለው) በማዘዣውና በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ በቃል መጻፍ አለበት። ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቅ ሆስፒታል መሄድ አለበት፤ ፎሊኒክ አሲድ የተባለ ማርከሻ አለው፣ የሚሠራው ግን በቶሎ ሲሰጥ ነው።

ሌሎች ጥንቃቄዎች፦

* ማቅለሽለሽንና የደም ጉዳትን ለመቀነስ ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል።
* የደም ሴል፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ ከመጀመሩ በፊትና በየጊዜው ይደረጋል።
* ጉበትን ስለሚጎዳ ጠላ፣ ጠጅ፣ አረቄና ቢራን ጨምሮ አልኮል መተው ወይም በእጅጉ መቀነስ ያስፈልጋል። የጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ ምርመራም አስቀድሞ ይደረጋል።
* ኮትሪሞክሳዞል (ባክትሪም) ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲወሰድ የደም ሴልን በአደገኛ ሁኔታ ይቀንሳል። ይህ መድኃኒት ኤች.አይ.ቪ. ላለባቸው ሰዎች ኢንፌክሽን ለመከላከል፣ ለሌሎችም ለሽንት ቧንቧና ለሳንባ ኢንፌክሽን ስለሚሰጥ፣ ማንኛውም ማዘዣ ሲጻፍ ሜቶትሬክሴት እንደሚወሰድ መናገር ግድ ነው።
* ፅንስን ያበላሻል፤ ከእርግዝና በፊት ከወራት ቀደም ብሎ መቆም አለበት።

=== ሳይክሎስፖሪን ===

በሳምንታት ውስጥ ውጤት የሚያሳይ ፈጣን መድኃኒት ነው። በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ2.5 እስከ 5 ሚ.ግ. ይሰጣል። በተለይ መላ ሰውነትን ለሸፈነ ሶሪያሲስ እንደ መሸጋገሪያ ያገለግላል። ኩላሊትን ስለሚጎዳና የደም ግፊትን ስለሚጨምር ከ1 ወይም ከ2 ዓመት በላይ በተከታታይ አይሰጥም። ፑቫ በብዛት ለተሰጠው ሰው የቆዳ ካንሰር አደጋን ይጨምራል።

=== አሲትሬቲን ===

ከቫይታሚን ኤ ጋር የሚዛመድ የሚዋጥ መድኃኒት ነው። መከላከያን ስለማያዳክም ኤች.አይ.ቪ. ወይም የሳንባ ነቀርሳ ስጋት ላለባቸው ይመረጣል። መግል ለያዘ ሶሪያሲስና ለመዳፍ ሶሪያሲስ ይረዳል፤ ከብርሃን ሕክምና ጋር ሲሰጥ ውጤቱ ይጨምራል። ከንፈርን ያደርቃል፣ የደም ቅባትን ይጨምራል። ዋናው ክልከላ ፅንስን በከባዱ መጉዳቱ ነው፤ ሴት መድኃኒቱን ካቆመች በኋላ ለ3 ዓመት ማርገዝ የለባትም። አልኮል በሰውነት ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ስለሚያራዝም በዚህ ጊዜ አልኮል ክልክል ነው። በዚህም ምክንያት ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላሉ ሴቶች በአብዛኛው አይሰጥም።

=== አፕሬሚላስትና ዱክራቫሲቲኒብ ===

አፕሬሚላስት በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ዱክራቫሲቲኒብ በ2022 የተፈቀዱ የሚዋጡ መድኃኒቶች ናቸው። አፕሬሚላስት ብዙ የደም ምርመራ አይጠይቅም፤ ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽና ክብደት መቀነስ ያስከትላል። ዱክራቫሲቲኒብ በቀን አንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ ከአፕሬሚላስት የበለጠ ውጤት አሳይቷል።

=== ባዮሎጂካል መድኃኒቶች ===

በሕይወት ባሉ ሴሎች የሚመረቱ፣ አንድን መልእክተኛ ፕሮቲን ለይተው የሚያግዱ መርፌዎች ናቸው። በአራት ይከፈላሉ፦

* '''የቲ.ኤን.ኤፍ አጋጆች'''፦ ኢታነርሴፕት፣ ኢንፍሊክሲማብ፣ አዳሊሙማብ፣ ሴርቶሊዙማብ። ለመገጣጠሚያም ይጠቅማሉ። የተኛ የሳንባ ነቀርሳን ይቀሰቅሳሉ፤ ከባድ የልብ ድካም ላለበት አይሰጡም።
* '''የኢንተርሉኪን 12 እና 23 አጋጅ'''፦ ኡስቴኪኑማብ። በየ12 ሳምንቱ ይሰጣል።
* '''የኢንተርሉኪን 17 አጋጆች'''፦ ሴኩኪኑማብ፣ ኢክሴኪዙማብ፣ ብሮዳሉማብ፣ ቢሜኪዙማብ። ፈጣንና ጠንካራ ናቸው። የአፍ ፈንገስ ያመጣሉ፤ ሥር የሰደደ የአንጀት ብግነት ላለበት አይመከሩም።
* '''የኢንተርሉኪን 23 አጋጆች'''፦ ጉሰልኩማብ፣ ቲልድራኪዙማብ፣ ሪሳንኪዙማብ። በየ8 ወይም በየ12 ሳምንቱ ይሰጣሉ፤ ውጤታቸው ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

== የውጤታማነት ንጽጽር ==

መድኃኒቶቹ እርስ በርስ በቀጥታ የተነጻጸሩባቸው ዋና ዋና ጥናቶች የሚከተሉት ናቸው።

| ንጽጽር | መለኪያ | ውጤት በመቶ |
|---|---|---|
| አዳሊሙማብ፣ ሜቶትሬክሴት፣ ባዶ መድኃኒት | ፓሲ 75፣ በ16ኛ ሳምንት | 80፣ 36፣ 19 |
| ዱክራቫሲቲኒብ፣ አፕሬሚላስት፣ ባዶ መድኃኒት | ፓሲ 75፣ በ16ኛ ሳምንት | 58፣ 35፣ 13 |
| ሴኩኪኑማብ፣ ኡስቴኪኑማብ | ፓሲ 90፣ በ16ኛ ሳምንት | 79፣ 58 |
| ጉሰልኩማብ፣ አዳሊሙማብ | ፓሲ 90፣ በ16ኛ ሳምንት | 73፣ 50 |
| ሪሳንኪዙማብ፣ ኡስቴኪኑማብ | ፓሲ 90፣ በ16ኛ ሳምንት | 75፣ 42 |
| ጉሰልኩማብ፣ ሴኩኪኑማብ | ፓሲ 90፣ በ48ኛ ሳምንት | 84፣ 70 |
| ቢሜኪዙማብ፣ ሴኩኪኑማብ | ፓሲ 100፣ በ16ኛ ሳምንት | 62፣ 49 |

ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ግምገማ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው እትም 179 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሯል። ፓሲ 90 ላይ በማድረስ ከሁሉም የላቁት ኢንፍሊክሲማብ፣ ቢሜኪዙማብ፣ ኢክሴኪዙማብና ሪሳንኪዙማብ ሆነው ተገኝተዋል። በአጠቃላይ ባዮሎጂካሎቹ ከሚዋጡት የቆዩ መድኃኒቶች ይበልጣሉ።

እነዚህ ቁጥሮች ሲነበቡ ሦስት ነገሮችን ማስታወስ ይገባል። አንደኛ፣ አብዛኞቹ ጥናቶች የተደረጉት በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው፤ ሜቶትሬክሴት በ16ኛው ሳምንት ገና ሙሉ አቅሙ ላይ ላይደርስ ይችላል። ሁለተኛ፣ ፓሲ 75 ላይ ያልደረሰ ታማሚም በኑሮው ትልቅ ለውጥ ሊያይ ይችላል። ሦስተኛ፣ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ያላቸውና የሳንባ ነቀርሳ ስርጭት ዝቅተኛ በሆነባቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። ይህን ክፍተት ለመሙላት ጠይምና ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ብቻ ያተኮረ የጉሰልኩማብ ጥናት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በአሜሪካ ተካሂዷል።

== በኢትዮጵያ ==

=== የሳንባ ነቀርሳ ጉዳይ ===

ኢትዮጵያ የሳንባ ነቀርሳ ጫና ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ ናት። በሰውነታቸው ውስጥ የተኛ ባክቴሪያ ይዘው ያለ ምልክት የሚኖሩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ቲ.ኤን.ኤፍ አልፋ ባክቴሪያው በሳንባ ውስጥ ታጥሮ እንዲቆይ ከሚያደርጉት አንዱ ስለሆነ፣ ሲታገድ አጥሩ ይፈርሳል። በዚህ መንገድ የሚነሣው ነቀርሳ ከሳንባ ውጭ የመሰራጨት ዝንባሌ አለው።

ስለዚህ ማንኛውም ባዮሎጂካል ከመጀመሩ በፊት የሳል፣ የትኩሳትና የክብደት መቀነስ ጥያቄ፣ የደረት ራጅና የቆዳ ወይም የደም የነቀርሳ ምርመራ ይደረጋል። የተኛ ነቀርሳ ከተገኘ የመከላከያ ሕክምና ተጀምሮ ቢያንስ አንድ ወር ከቆየ በኋላ ባዮሎጂካሉ ይሰጣል። የኢንተርሉኪን 17 እና 23 አጋጆች በዚህ ረገድ ያላቸው ስጋት ከቲ.ኤን.ኤፍ አጋጆች በጣም ያነሰ ነው። ዋጋ ባይከለክል ኖሮ በኢትዮጵያ ቀዳሚ ምርጫ የሚያደርጋቸው ይህ ነው።

=== ኤች.አይ.ቪ. ===

ድንገት የጀመረ ወይም ያለ ምክንያት የከፋ ሶሪያሲስ የኤች.አይ.ቪ. የመጀመሪያ ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራው ይመከራል። ቫይረሱ ከተገኘ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ራሱ ሶሪያሲሱን ያሻሽላል። ተጨማሪ ካስፈለገ የብርሃን ሕክምናና አሲትሬቲን ይቀድማሉ።

=== በአዲስ አበባ የሕክምናው መንገድ ===

በኢትዮጵያ የጤና ሥርዓት ታማሚ ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ከዚያም ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያልፋል። በካዛንቺስ የሚኖር ሰው መጀመሪያ በአካባቢው ጤና ጣቢያ ይታያል። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በአገሪቱ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ቀድሞ ከተጀመረባቸው ተቋማት አንዱ ነው። በቆዳ ሕክምና ስሙ የሚነሣው ግን በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ዘነበወርቅ አካባቢ ያለው አለርት ነው። አለርት በ1958 ዓ.ም. የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ የተቋቋመ ሲሆን፣ ከጊዜ በኋላ ለሁሉም ዓይነት የቆዳ በሽታ ከመላ አገሪቱ ሪፈር የሚላክበትና የቆዳ ሐኪሞች የሚሠለጥኑበት ሆኗል። በአማራ ክልል ደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። የአለርት ስም ከሥጋ ደዌ ጋር የተያያዘ መሆኑ አንዳንድ የሶሪያሲስ ታማሚዎች «እዚያ ሄደ» እንዳይባሉ ሕክምናውን እንዲያዘገዩ ሊያደርግ ይችላል።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል የሆነ ታካሚ ጥቅሙን ለማግኘት የሪፈር ሰንሰለቱን መጠበቅ ይኖርበታል። ርቀትም የሕክምና ምርጫን ይወስናል። በ2017 ዓ.ም. ብዙ የካዛንቺስ ነዋሪዎች በመልሶ ማልማት ምክንያት እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል። ከዚያ ተነሥቶ በሳምንት ሦስት ቀን ለብርሃን ሕክምና መመላለስ ለቀን ሠራተኛ የሚከብድ ነው፤ በሳምንት አንዴ የሚዋጥ ሜቶትሬክሴትና በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ የሚደረግ የደም ምርመራ ይቀልለዋል።

=== ዋጋና አቅርቦት ===

ሜቶትሬክሴት የባለቤትነት መብቱ ካበቃ ቆይቷል፤ በብዙ አምራቾች ይመረታል። ባዮሎጂካሎች ግን በአሜሪካ ገበያ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣሉ። የመጀመሪያው መድኃኒት መብት ካበቃ በኋላ የሚመረቱ ተመሳሳይ ባዮሎጂካሎች ዋጋውን ቀንሰዋል፤ የአዳሊሙማብ ተመሳሳዮች በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2018፣ በአሜሪካ በ2023 ገበያ ላይ ውለዋል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባደሰው የአስፈላጊ መድኃኒቶች ዝርዝር ለሶሪያሲስ የሚሆኑ አዳዲስ መድኃኒቶችን አካትቷል።

ከውጭ አገር ዘመድ የሚላክ ባዮሎጂካል ሁለት ችግር አለበት። መርፌዎቹ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለባቸው፤ በጉዞ ከሞቁ ወይም ከቀዘቀዙ ይበላሻሉ። በተጨማሪም አቅርቦቱ ሲቋረጥ በሽታው ይመለሳል፤ አቋርጦ እንደገና ሲጀመር ደግሞ ሰውነት በተለይ ኢንፍሊክሲማብን የሚዋጋ ፀረ እንግዳ አካል ሊያመርት ይችላል። ስለዚህ ለጥቂት ወራት ብቻ የሚበቃ ባዮሎጂካል ከመጀመር ያለማቋረጥ የሚገኝ ሜቶትሬክሴት ይሻላል።

=== ፀሐይ፣ ፍል ውሃና ጸበል ===

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይዋ በዩቪ ጨረር የበለጸገች ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የዩቪ መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። የታመመውን ቆዳ በየቀኑ ለአጭር ጊዜ ፀሐይ ማስመታት ብዙዎችን ይረዳል። ሆኖም መጠኑ እንደ ማሽን አይለካም፤ ቆዳ ከተቃጠለ በሽታው በተቃጠለው ቦታ ላይ ይባባሳል።

ከካዛንቺስ ብዙም የማይርቀው ፍል ውሃ ከአዲስ አበባ ምሥረታ ጀምሮ ሰዎች ለቆዳና ለቁርጥማት የሚታጠቡበት ነው። ሙቅ የማዕድን ውሃ ቅርፊትን ያለሰልሳል፣ ያነሣል፤ ከታጠቡ በኋላ ወዲያው ቅባት መቀባት መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ለማስገባት ይረዳል። ብቻውን ግን መካከለኛና ከባድ ሶሪያሲስን አይቆጣጠርም። ወደ ጸበል የሚሄዱ ታማሚዎችም መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ መጠመቅ ይችላሉ፤ ጉዳት የሚመጣው ሕክምናው ሲቋረጥ ወይም ቆዳው በኃይል ሲፈተግ ነው።

== ልዩ ሁኔታዎች ==

'''እርግዝና።''' ሜቶትሬክሴትና አሲትሬቲን ፈጽሞ አይሰጡም። ጠባብ ሞገድ ዩቪቢ ቀዳሚው ምርጫ ነው። ካስፈለገ ሳይክሎስፖሪን በክትትል ይሰጣል፤ ከባዮሎጂካሎች ወደ ፅንሱ በጣም በጥቂቱ የሚያልፈው ሴርቶሊዙማብ ነው።

'''የመገጣጠሚያ ብግነት።''' ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መገተር፣ ያበጠ ጣት ወይም የተረከዝ ሕመም ካለ ለመገጣጠሚያም የሚሠራ መድኃኒት ይመረጣል፦ ሜቶትሬክሴት፣ የቲ.ኤን.ኤፍ ወይም የኢንተርሉኪን 17 አጋጅ። ብርሃንና አሲትሬቲን ለመገጣጠሚያ ብዙም አይረዱም።

'''ድንገተኛ ሁኔታ።''' መላ ሰውነት ቀልቶ ወይም ጠቁሮ ሲላጥ፣ ወይም መግል የያዙ ጥቃቅን ቁስሎች ከትኩሳት ጋር በብዛት ሲወጡ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ያስፈልጋል። ቆዳው ሙቀትና ፈሳሽ መያዝ ስለሚያቅተው ለሕይወት ያሰጋል።

== የሕክምናው ታሪክ ==

አሜሪካዊው ሐኪም ዊሊያም ጎከርማን እ.ኤ.አ. በ1925 የድንጋይ ከሰል ሬንጅንና አልትራ ቫዮሌት ጨረርን በማጣመር የመጀመሪያውን ዘመናዊ የከባድ ሶሪያሲስ ሕክምና አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1951 ለሌላ በሽታ አሚኖፕቴሪን የወሰዱ ሰዎች ሶሪያሲሳቸው ሲጠራ ታየ፤ ይህም ተዛማጁ ሜቶትሬክሴት በአሜሪካ በ1970ዎቹ መጀመሪያ እንዲፈቀድ መንገድ ከፈተ። ፑቫ በ1974 ተዋወቀ። የሳይክሎስፖሪን ጥቅም በ1979 የታወቀው በአጋጣሚ፣ ለመገጣጠሚያ በሽታ ሲሞከር ነው፤ ይህ ግኝት ሶሪያሲስ የመከላከያ ሥርዓት በሽታ መሆኑን ለመረዳት ረድቷል። ከ2003 ጀምሮ ባዮሎጂካሎች ተከተሉ፤ ኢታነርሴፕት በ2004፣ አዳሊሙማብ በ2008፣ ኡስቴኪኑማብ በ2009፣ ሴኩኪኑማብ በ2015፣ ጉሰልኩማብ በ2017፣ ሪሳንኪዙማብ በ2019፣ ቢሜኪዙማብ በ2023 በአሜሪካ ለሶሪያሲስ ተፈቅደዋል።